ያልፈረምኩበት ማመልከቻ

መብቱን ለማስከበር ሲሮጥ ደብዳቤ አንብቦ የማይጨርስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ። ጎግ ወረዳ ውስጥ ዕድሜ ልኬን አስተምሬ የጡረታ ጥያቄዬ ውድቅ መሆኑ ሲጻፍልኝ፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቤ በንዴት ይግባኝ አልኩ።

ባለቤቴ "እስከ መጨረሻው አንብበው እንጂ" ብትለኝ "አንቺ ሕግ አታውቂም" አልኳት። የይግባኙ ቀጠሮ እስኪደርስ ወራቱን በእሷ የቲማቲም ንግድ ኖርን።

ቀኑ ሲደርስ ከምንኖርበት ኒውላንድ ሰፈር በባጃጅ ሄጄ ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ፊት ቆምኩና ስለ ፍትሕ መናገር ጀመርኩ። ሰብሳቢዋ ታግሰው አዳመጡኝና፣

"መምህር፣ የተከለከሉት እኮ ማመልከቻው ላይ ስላልፈረሙ ነው፤ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ተጽፏል" አሉኝ።

እስክሪብቶ አቀበሉኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ፈረምኩ። ጡረታዬም እዚያው ተፈቀደልኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ንግግሬ ገና ግማሹ ላይ ነበርና "ልጨርሰው ይፈቀድልኛል?" ብዬ ጠየቅኩ።