ለአንድ ሰው ዘጠኝ ካሬ ሜትር

የክልሉ ምክር ቤት የሕፃናትና የቤተሰብ ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሰኔ 4
ቦታ፦ ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል 12
የተገኙ አባላት፦ ሰብሳቢው፣ ነርሷ፣ ተቋራጩ፣ ጠበቃው
ያልተገኘ፦ አንድ፤ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሏል
ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ ጸሐፊው (ድምፅ የማይሰጥ)
ባለጉዳይ፦ የሟች እህታቸውን ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ልብስ ሰፊ

ለምልዓተ ጉባኤ ሦስት አባላት ስለሚበቁ ስብሰባው በ3፡40 ተጀመረ።

አጀንዳ 1፦ የአሳዳጊ ቤት መለኪያ

ተቋራጩ ለአንድ ሰው ዘጠኝ ካሬ ሜትር ይሁን አሉ። ማምለጫ ቀዳዳ እንዳይኖር፣ «ሰው የሚያድርበትም ሆነ የሚውልበት ማንኛውም ክፍል» የሚል ሐረግ አስገቡ። ነርሷ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ቤት ያለው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ተቋራጩ «እኔ አለኝ» ብለው መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ መለኪያው ከዛሬ ንጋት ጀምሮ እንዲጸና በሦስት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የልብስ ሰፊዋ ማመልከቻ

አመልካቿ ከልጆቹ ጋር ለአራት የሚኖሩባት ክፍል አሥራ ስድስት ካሬ ሜትር መሆኗን አስረዱ። ጠበቃው ለማስታረቅ ያህል፣ የአራት ዓመቷ ልጅ በግማሽ ትቆጠር አሉ። ጸሐፊው ቢያሰላው አሁንም 31.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ነርሷ «ልጅ ዳቦ ናት እንዴ የምትቆረሰው?» አሉ። ሰብሳቢው ዳቦ በአጀንዳው አለመያዙን አስታወሱ። ተቋራጩ ልጆቹ በፈረቃ እንዲተኙ ሐሳብ አቀረቡ፤ ደጋፊ አላገኙም። ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስቱ ልጆች ወደ ሦስት የተለያዩ ማሳደጊያዎች እንዲላኩ በሦስት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ።

አመልካቿ ከአንገታቸው ላይ ሜትራቸውን አውርደው ክፍል 12ን ለኩ። ሰብሳቢው «እመቤት፣ ምን እያደረጉ ነው?» ቢሉ፣ «አራት በአራት ተኩል፤ አሥራ ስምንት ካሬ። ለሁለት ሰው ይበቃል። ሌሎቻችሁ ውጡ እንጂ!» ሲሉ መለሱ። ተቋራጩ «ሜትሩ ያረጀ ነው» ብለው ተቀብለው ደግመው ለኩ። ያው ሆነ።

ሰብሳቢው ተቋራጩ እንዲወጡ፣ ተቋራጩም ሰብሳቢው እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። የወጣ የለም። ጠበቃው በክፍሉ በሕግ ሊገኙ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ምልዓተ ጉባኤው ከንጋት ጀምሮ እንዳልተሟላ አስረዱ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሰብሳቢው አመልካቿን «እንግዲህ ልጆችዎን ይዘው ይቆዩ» አሉ። አመልካቿ በቃል እንደማይሄዱ አስታወቁ። ጸሐፊው ጻፈላቸው፤ ማኅተሙን ነርሷ አደረጉበት። አመልካቿ የሦስቱም ልጆች ስም በትክክል መጻፉን አንድ በአንድ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ስብሰባው በ6፡10 ተበተነ።