ግቢያችን ውሃን ምን ብሎ ይጥራ?

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። አብዮቱ መጥቶ ደጃዝማችነቱን ራሱን ካስቀረው በኋላ ግን ብዙ ሰው ዝምታን መረጠ። የእኔ ዳዊት ዝም ያለው ፈርቶ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሞልቶት አንድ ቃል አልወጣውም ነበር። ታናሽ እህቱ ማርታ ደግሞ «ራበሽ?» ስትሏት «ራበሽ?» ትላለች። ሆዷ ባዶ ይሁን ሙሉ፣ ጥያቄያችሁን አጥባና ተኩሳ ትመልስላችኋለች።

ዛሬ ኦቲዝም የሚሉትን ያኔ ማን ያውቃል? ጸበል ወሰድኳቸው። ሼኹም ቁርአን ቀሩላቸው፤ ድሬ ላይ ለልጅ ሲባል ሃይማኖት አይመረጥም። በመጨረሻ ከኩባ የመጣ፣ ንግግር የሚያስተምር ሐኪም አለ ተባለና ሄድኩ። በአስተርጓሚ መከረኝ፤ በአጭር ቃል አናግሯቸው፣ የሚፈልጉትን ነገር ስሙን ጥራችሁ ጠብቋቸው፣ ቋንቋውንም አንድ አድርጉት አለኝ።

አንድ ቋንቋ። ድሬዳዋ ላይ። እናንተዬ፣ የኛ ሰው እኮ በሶማልኛ ሰላም ብሎ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ገዝቶ በአረብኛ የሚምል ነው፤ ያውም ገና ቀፊራ ገበያ ሳይደርስ።

ልብስ ስሰፋ ልጆቹን የምትይዝልኝ የግቢ ጎረቤቴ ፋዱማ ሶማሌ ናት። አማርኛዋ ከ«እንደምን አደርሽ» ብዙም አይርቅም። ጭንቀቴን የሰማው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጉዳዩን የእሁድ ስብሰባ አጀንዳ አደረገውና፣ «ለሕፃናቱ ሲባል ግቢው ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ ብቻ ይናገራል። ተቃውሞ ያለው?» አለ።

«ተቃውሞ ያለው» አለች ማርታ ከጭኔ ላይ፣ ጥርት አድርጋ።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ያ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። የሰማችውን ነው የምትደግመው ብዬ አስረዳሁ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበ። «የሰማችውን መድገሟ ጥሩ ነው» አለ፤ ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ ፋዱማ አማርኛዋ ስላለቀባት ዝም አለች። ከንፈሯን እየነከሰች በእጇ ታወራለች። አንዱን ለማናገር ብለን ሌላዋን ድዳ አደረግናት። እኔ ጣሳውን ይዤ «ውሃ» እላለሁ፣ እጠብቃለሁ። ዳዊት ጣሳውን ያያል፣ ይቆያል፣ ሄዶ ግድግዳውን ይደባብሳል። ተስፋ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ቀትር፣ የድሬ ፀሐይ ውሻውን ሁሉ ከጥላ ሥር ስትሰበስብ፣ ዳዊት ፋዱማን በእጇ ይዞ ወደ እንስራው ሲጎትታት ከስፌቴ ቀና ብዬ አየሁ። ጣሳውን ሞላች። አፏን ከፈተች፤ ውሳኔው ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

«ቢዮ» አለ ዳዊት።

ውሃ ማለት ነው፣ በሶማልኛ። እኔ መቀሱን ጥዬ ቆምኩ። ፋዱማ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረችና «ወላሂ የዳዊት እናት፣ እኔ አላልኩም፤ እሱ ነው ያለው» አለችኝ በዚያው በሶማልኛዋ። ከዚያ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ዳዊት ግን ቃሉ እንደሚሠራ ገብቶት «ቢዮ» እያለ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ።

ሐኪሙ ሲሰማ ሳቀ፤ እንግዲያው ሁላችሁም ቢዮ በሉት አለ። ለሊቀመንበሩ መንገር ነበር ጭንቁ። የሰፊው ሕዝብ ውሳኔ አይሻርም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ «ቢዮ» በግቢያችን ውስጥ የአማርኛ ቃል እንዲሆን ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ።

የዳዊት ቃላት ዛሬም ጥቂት ናቸው። ግማሾቹን ፋዱማን እየጠየቅሁ ነው የምረዳው።