ኻሚስና ያልተነካው ሳጥን

በየከተማው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዕቃ የሚይዘው ሊሠራበት ሳይሆን ውስጡን ሊፈልግበት ነው። ስልክ ቢሰጡት አይደውልበትም፤ "ይቺ ስልክ ምን ምን እንደምትችል ታውቃላችሁ?" ብሎ ያፋጥጣችኋል። ሬዲዮ ቢኖረው ዜና ሰምቶበት አያውቅም፤ ጥርት ያለ ጣቢያ ሲፈልግ ዜናው ያልቃል። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤታችሁ ከሆነ እግዜር ይርዳችሁ። የሥራ ባልደረባችሁ ከሆነ ግን እግዜርም የሚችለው ነገር አይመስለኝም። እኔ ለምኜው አልረዳኝም።

የአሶሳው ተወካይ ኻሚስ ይባላል። ክቡር ኻሚስ፣ የማዞሪያዎች ሊቅ፣ የሽቦዎች ባላባት። እኔ ሰራዊት ነኝ፤ አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥቶ እዚህ የቀረ፣ እኔ ደግሞ ሠርግ ላይ እየዘፈንኩ የማድር። ኻሚስ አጃቢዬ ነው። እንደ ባልና ሚስት ነን እንዳልል ባልና ሚስት መፋታት ይችላሉ፤ እኔን ለማጀብ ፈቃደኛ የሆነ ሌላ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

መሣሪያው ጥቁር ሳጥን ነው። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ፣ ኻሚስ እዚያ ጄኔሬተር ይጠግን በነበረበት ጊዜ፣ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደ ነው። ኻሚስ ሲንተሳይዘር ይለዋል፤ ሰፈሩ "የኻሚስ ካዝና" ይለዋል፤ ምክንያቱም ገባ እንጂ የወጣ ነገር አልታየም። ከላይ ብዙ ማዞሪያ፣ ከታች አንድ ረድፍ ትናንሽ ቁልፎች አሉት። ቁልፉን ሲጫኑት ይበራል። ከዚያ መብራቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጥና የበራው ቁልፍ ጋ ሲደርስ ድምፅ ያሰማል፤ ጫፍ ሲደርስ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ከበሮውን እዚህ፣ ቤዙን እዚያ አብርቶ እኔን እንድዘፍን ቢተወኝ ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር።

"ያ ሰራዊት፣ አንተ ሁሉ ነገር ቶሎ ትፈልጋለህ" ይለኛል፤ በአረብኛ "ያ" ብሎ ነው የሚጠራኝ። "ይህ ማሽን ገና አልተነካም!"

ገና አልተነካም።  ሀዲል የሚባል ልጅ ሲያገባ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ በላብ ተጠምቃ፣ ዘመድ ሁሉ ጸሐይ ላይ ተሰልፎ፣ እሱ ሳጥኑ ላይ ተደፍቶ ነበር። "ሀዲል ትንሽ ይቆይ፤ ድምፅህን አሳምራለሁ" አለኝ። አሳመረው። "እንኳን ደስ አላችሁ!" ስል ድምፄ ከሳጥኑ እየተመለሰ፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ ደስ አላችሁ፣ አላችሁ እያለ አልቆም አለ። ማይኩን ብዘጋውም ሳጥኑ ብቻውን ቀጠለ። በመጨረሻ የሙሽራዋ አጎት ብድግ ብለው "ወላሂ ደስ ብሎናል! ኸላስ! በቃ!" ብለው ጮኹ። ለምሳ ያልተጠራነው ያኔ ብቻ ነው፤ ኻሚስ ግን መንገድ ላይ "ሰማህ? እንደዚህ እንደሚችል አላውቅም ነበር" እያለ ይፍለቀለቃል።

ሌላው በሽታው የሠራውን አለማስቀመጡ ነው። ሳጥኑ የተሠራውን ዘፈን የሚያስቀምጥበት ቁልፍ አለው፤ ኻሚስ አይነካውም። "ካስቀመጥኩ አለቀ ማለት ነው" ይላል። አሶሳ ላይ ደግሞ መብራት ሳያስፈቅድ ይሄዳል። ስንት ጊዜ የተለማመድነው ሁሉ እልም ብሎ ከዜሮ ጀምረናል! እኔ ስራገም እሱ ፊቱ ይበራል፤ እንደገና ሊፈልግ ነዋ።

ባለፈው ክረምት ግን ነገሩ ከበሽታም አለፈ። ሠርግ ሲጠሩን "አልችልም" ማለት ጀመረ።  የተዋዋልኩበትን ሁሉ ብቻዬን እየሄድኩ በጭብጨባ ዘፈንኩ፤ በጭብጨባ የሚዘፍን የሠርግ ዘፋኝ ደግሞ ከለማኝ የሚለየው በሱፉ ብቻ ነው። ከቤቱ የሚወጣውን ድምፅ አልነግራችሁም። አንዴ አህያ፣ አንዴ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ አንዴ የታፈነ ፍየል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እንኳን ያ ድምፅ ከሥሩ ይሰማ ነበር።

ከኻሚስ አጥር ወዲያ የሚኖሩት እትዬ የሻረግ ቤቴ ድረስ መጡ። "ኧረ አንተ ልጅ፣ ጓደኛህን አንድ በለው! ዶሮዎቼ እንቁላል አቆሙ እኮ! ሰውም ጆሮ አለው፣ ዶሮም ጆሮ አላት!"

እኔም የራሴን ቂም በእትዬ የሻረግ ዶሮዎች ላይ ደርቤ ልጣላው ሄድኩ። ምን እንደምለው መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ገብቼ ሳይ አባቱ ሸህ አብዱልረሂም ገመድ አልጋው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ያን ክረምት ሳል ይዟቸው ከገጠር ወደ ልጃቸው ቤት መጥተው ነበር። ኻሚስ መሬት ላይ ሳጥኑን ከፊቱ አድርጎ አንዱን ማዞሪያ ያዞራል። በበርታ ቋንቋ ያወሩ የነበሩት እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ፤ በዚያ ቤት በእንግዳ ፊት እንግዳው በማይሰማው ቋንቋ አይወራም።

ሳጥኑ "ቡ" አለ።

"አይደለም" አሉ ሸህ። "ይህ ጎረምሳ ነው የሚነፋ። ጁምዓ ሽማግሌ ነው።"

ኻሚስ አዞረ። ሳጥኑ ወፈር ብሎ "ቡ" አለ።

"አሁንም አይደለም። ጁምዓ የፊት ጥርስ የለውም። ነፋስ በዚያ ይወጣ ነበር።"

ኻሚስ ሌላ ማዞሪያ ይዞ በጣም ቀስ ብሎ አዞረ። ከድምፁ ሥር ፍሽ የምትል ትንሽ ነፋስ ገባች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ እርጥብ ነበር።

"ጁምዓ ነው" አሉ። "መጣ።"

ኻሚስ ያን ጊዜ ማስቀመጫውን ቁልፍ ተጫነ። በገዛ ዓይኔ አየሁ። ስድቤን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋዛ የሚባለውን የበርታዎች ረጅም የቅል መለከት ሰምታችሁ ይሆናል። አንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱ ጎረቤት፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲኖር ነው። የሸህ አብዱልረሂም ቡድን ግን ጎድሏል። ጁምዓ ሞተ፣ ሌላው ሞተ፣ አንዱ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ወሬውም ጠፋ። ቦታቸውን የሚተካ ወጣት የለም። ሸህ ከመሞታቸው በፊት አንድ አዝመራ ላይ ዋዛውን ሙሉ ሆኖ መስማት ፈለጉ፤ ኻሚስም የጎደሉትን ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ ሊያስገባ ቃል ገባ።

"ታዲያ መለከቶቹን አስነፍተህ ለምን አትቀዳም?" አልኩት። "ምን ያደክምሃል?"

"ዝናብ ሲገባ ዋዛ ይሰቀላል። እህል ሳይገባ አይወርድም።"

"አንዴ ብቻ ቢወርድስ?"

አባትም ልጅም ነውር እንደተናገረ ሰው አዩኝ።  በዚህ ምክንያት ኻሚስ የሰውን ትንፋሽ ከማስታወስና ከማዞሪያ ብቻ ሊያወጣው ነበር፤ ማስታወሱ የአባት፣ ማዞሪያው የልጅ።

ከዚያ ወዲያ እየሄድኩ አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ። የኻሚስ ሚስት ነዕማ ሻይ ታመጣለች፣ ሸህ "ይህ ሰው እንዲህ አይጣደፍም" ይላሉ፣ ኻሚስ ያዞራል። ሦስቱም ሰዎች አንድ በአንድ ተገኙ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሸህ ሳላቸው ጠንቶ ሆስፒታል ገቡ፣ አልወጡም።

ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነበር።

የሸህን ድምፅ ማንም አልሠራውም። ማን ያስባል? ሰውዬው እኮ ቁጭ ብለው ነበር፤ ዳኛው እሳቸው ነበሩ። ሙሉ ክረምት የሙታንን ትንፋሽ ስናሳድድ በሕይወት ያለው ፊታችን ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ይህን ሳስብ አሁንም እናደዳለሁ። ያ ሁሉ ማዞሪያ፣ ያ ሁሉ "ገና"፣ አንዲት ማታ እንኳን "አባ፣ ያንተስ ድምፅ እንዴት ነው?" የሚል ጥያቄ አላወጣም።

አዝመራው ገባ፣ ዋዛው ወረደ። የሸህ መለከት ባለቤቱ በሞተበት ዓመት የሌላ አፍ አይነካውምና እንደተሰቀለ ቀረ። ኻሚስ ሳጥኑን ወንበር ላይ አድርጎ፣ በመኪና ባትሪ አስነስቶ፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመ። መጀመሪያ መብራቱን እንዲሮጥ ለቀቀው። ሽማግሌዎቹ ግን ጭፈራው ሲሞቅ ፍጥነት ይጨምራሉ፤ ሳጥኑ አይጨምርም። ወደ ኋላ ቀረ። "ያ ኻሚስ፣ ማሽንህ ደከመ!" አለው አንዱ፣ ሴቶቹም ሳቁ።

ኻሚስ የሚሮጠውን መብራት አጠፋ። በጣቱ፣ ተራቸው በደረሰ ቁጥር፣ የሦስቱን ሰዎች ቁልፍ ይጫን ጀመር። ጁምዓ ከነጥርሱ ክፍተት መጣ። ሽማግሌዎቹ ሳይዞሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአባቱ ተራ ሲደርስ ኻሚስ ጣቱን አነሳ። ያቺን ቦታ ማንም አልሞላትም፣ ማንም አልዘለላትም፤ ሁሉም ጠብቋት አለፈ። ዜማው ክፍተቷን ይዞ ዞረ፣ ዞረ። አለቀስኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ያጣሁት የሠርግ ሥራ ትዝ ብሎኝ ነው ብያለሁ።

አሁን ኻሚስ የአባቱን ድምፅ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ማንጎው ጥላ ሥር ሳጥኑን ይዘረጋና ያዞራል። "ማን 'አይደለም' ይበለኝ?" አለኝ አንድ ቀን፣ እያየኝ አልነበረም። "አንተ ስንት አዝመራ ሰምተኻል። ጆሮ አለህ።" ዳኛ ሆንኩ። የወሎ ሰፋሪ ልጅ፣ በበርታ ዋዛ ላይ።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ማዞሪያ ነካ አደረገና ድምፁ ወጣ። ዝቅ ያለ፣ ከተራው ትንሽ የዘገየ፣ ጫፉ ላይ ሻካራ።  ነዕማ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ በአረፋ እንደተነከረ ከጓሮ ወጥታ ከባሏ ጀርባ ቀጥ ብላ ቆመች። እሱ አላያትም። እኔን ብቻ ነው የሚያየው።

"ነው?" አለኝ።

ነበር። ሸህ አብዱልረሂም ራሳቸው ነበሩ። ነው ካልኩት ኻሚስ ሳጥኑን ይዘጋል፤ ሲዘጋው ደግሞ አባቱን እንደገና ይቀብራል። ይህን ቀበጥ ሰውዬ፣ የሠርግ ሥራዬን ያበላሸውን፣ እንጀራዬን የዘጋውን፣ እወደዋለሁ መሰለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

"እሱን አስቀምጠው" አልኩት። "ግን ትንሽ ይቀረዋል።"

ነዕማ አየችኝ። አረፋውን ከእጇ አራግፋ ወደ ልብሷ ተመለሰች። ኻሚስ ፊቱ ፈካ፤ "እኔም እንዲያ መስሎኝ ነበር!" ብሎ ተመልሶ ሳጥኑ ላይ ተደፋ። እኔም በርጩማዬን ወደሱ አስጠጋሁ። አዝመራው ገና ሩቅ ነው።