የውሃ ቧንቧና የአቶ እሸቴ ሽጉጥ

ሰው ዕቃ ሲገዛ መሃሉን አያይም። ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ነጠላ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጎትተው ጥለቱን ነው። ሰሌን የሚገዛው ጫፉን ይቆነጥጣል። ጠረጴዛ ፊት የቆመ ገዢም ሰፊውን ገበታ ትቶ አውራ ጣቱን በጠርዙ ላይ ያስኬዳል፤ ከዚያ ወይ ራሱን ይነቀንቃል ወይ ከንፈሩን ይመጣል። መሃሉ ለባለቤቱ ነው፤ ጠርዙ ግን የአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነው። ይህን ፍልስፍና ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። በደርግ ዘመን፣ መካነ ሰላም ውስጥ፣ የውሃ ቧንቧ ስሞርድ ነው የተገለጠልኝ።

የውሃ ቧንቧ ምን ሲባል ይሞረዳል ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ። ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ፣ ከአባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ በምኖርበት ጊዜ በከተማችን የውሃ መስመር ተዘረጋ። የተረፉት የፕላስቲክ ቧንቧ ቁርጥራጮች በየቦዩ ወድቀው ቀሩ። አንዱን አንስቼ ወደ ከሰል ጠጋ ባደርገው እንደ ሊጥ ለዘብ አለ፤ ሲበርድ ደግሞ በያዘው ቅርጽ ድርቅ ብሎ ቀረ። ይህን ጠባይ ከዚያ በፊት በሰው ላይ አይቼው ነበር፤ በስብሰባ ሙቀት የሚለዝብና ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚደርቅ ስንት አለ! በፕላስቲክ ላይ ሳየው ግን ገበያ ታየኝ።

በዚያ ዘመን ሽጉጥ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የሽጉጥ ማኅደር ያለው ግን ጥቂት። የቀረው ሽጉጡን ሱሪው ውስጥ ሸጉጦ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ ለአብዮቱም ለባለ ሱሪውም የሚበጅ ነገር አይደለም። የቆዳው ማኅደር ከደሴ መምጣት አለበት፤ መጥቶም የእኛ ክረምት ያሻግተዋል። ስለዚህ እኔ ቧንቧውን በቁመቱ ሰንጥቄ፣ ቆርቆሮ ላይ አሙቄ ዘርግቼ፣ ከወይራ በጠረብኩት የእንጨት ሽጉጥ ላይ እጠቀልለውና እስኪበርድ በወፍራም የሱፍ ባና ጨፍልቄ እይዘዋለሁ። ከዚያ ጎኑን በመዳብ ሽቦ እሰፋዋለሁ።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ከመጋዝ የወጣ የፕላስቲክ ጠርዝ ክፉ ነው፤ ልብስ ይቦጭቃል፣ ጎን ይልጣል። መጀመሪያ በሞረድ ጥርሱን አወልቅለታለሁ። ቀጥዬ በሻካራው የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥዬ ውሃ እየነከርኩ በለስላሳው እለው ነበር። ከዚያ በሻሽ የተነፋ አመድ ይመጣል። በመጨረሻ ከአባቴ፣ ቄስ ናቸውና፣ የጧፍ ፍርፋሪ ለምኜ ያመጣሁትን ሰም ቀብቼ፣ በባና ቁራጭ ክንዴ እስኪዝል መፈተግ ነው። ጠርዙ ያን ጊዜ ማብራት ይጀምራል። ወደ ደጅ ይዤው ወጥቼ ብርሃኑ በጠርዙ ላይ ሲሮጥ ሳይ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መልሼ መላልሼ አገላብጠው ነበር። ለካ እኔም ለአንድ ነገር እሆናለሁ እል ነበር።

እናቴ ግን ሥጋት ገባት። የሽጉጥ ማኅደር የሚሠራው ማን ነው? ቆዳ ፋቂ። አገሩ ደግሞ የቆዳ ፋቂን ቀበቶ ይታጠቃል እንጂ ልጁን አይሰጠውም። በየስብሰባው ሠርቶ አደር ክቡር ነው ሲባል እጁ እስኪቀላ የሚያጨበጭበው ሁሉ በዚህ ነገር ላይ ፈቀቅ አይልም። እናቴ የቄስ ልጅ ፋቂ ሆነ ከሚሉኝ መሬት ትዋጠኝ ብላ አባቴን ፍርድ ጠየቀች። አባቴ ቧንቧውን አገላብጠው አዩት፤ አሸተቱት፤ በጥፍራቸው መቱት። ቆዳ ማለት ደም የነበረው ነው፣ ይሄ ደም የለውም፣ ስለዚህ ልጁ ቆዳ አልነካም ብለው በየኑ። እኔም ተገላገልኩ። አባቴ ዳዊታቸውን የሚከቱበት ማኅደር የቆዳ ነበር፤ ማን እንደፋቀው ግን በቤታችን ተጠይቆ አያውቅም። ፕላስቲክ ደግነቱ ዘር የለውም፤ ሰባት ቤት ቢቆጠርለት የሚገኘው ፋብሪካ ነው።

ይህ ብያኔ የእኛን ቤት እንጂ የአቶ እሸቴን ቤት አላሳመነም። አቶ እሸቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሹመት በላይ ግን የአስካለ አባት ናቸው። አስካለን እንዴት እንደወደድኳት አልተርክም፤ ሽማግሌ እስከ መላክ መድረሴን ብቻ እወቁልኝ። ሽማግሌዎቹ ሄደው የልጁ ሥራ ምንድን ነው ሲባሉ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ቧንቧ ይሠራል አሉ፤ ሌላኛው ፈጠን ብለው የለም መሣሪያ ነው አሉ። አቶ እሸቴ ሳቁና፣ እንግዲያውስ ለአብዮት በዓል የምታጠቀው አንድ ማኅደር ይሥራልኝ፣ እጁን አይቼ መልሴን እነግራችኋለሁ አሉ። አስካለና እኔ በአንድ የቧንቧ ቁራጭ ላይ ተንጠልጥለን ቀረን ማለት ነው።

ያን ማኅደር እንዴት እንደፈተግሁት አትጠይቁኝ። እናቴ እንኳ ልጄ፣ ልታልቅ ነው ወይስ ልትጨርሰው ነው እያለች ምግብ ታቀርብልኝ ነበር። ሳስረክባቸው አቶ እሸቴ አውራ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች በጠርዙ አስኬዱ፤ ደግመው አስኬዱ። «ማሻ አላህ! ይሄማ የሰው እጅም የነካው አይመስል» አሉ። ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ ዘንድ ግን አድናቆት ሃይማኖት አይለይም። አስካለ ከጓዳው በር ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔም እዚያው በልቤ ሠርጌን ደገስኩ።

በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ በአብዮት በዓል፣ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሮች ሽጉጣቸውን ታጥቀው ተሰልፈዋል። ጥይቱ ግን ከእንቁጣጣሽ በፊት ተሰብስቧል፤ አብዮቱ በሽጉጥ ያምን ነበር፣ በበዓል ቀን ግን በጥይት አያምንም። የአውራጃው ካድሬ በሰልፉ መሃል እየዞረ የመሣሪያ ንጽሕና ያያል፤ እያንዳንዱም ሽጉጡን መዞ ያሳየዋል። አቶ እሸቴ ዘንድ ሲደርስ ማኅደሩን አየና ቆመ። ጠርዙን ዳበሰ። ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። አቶ እሸቴ በኩራት የቄሱ ልጅ ብለው ወደ እኔ አመለከቱ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ካድሬው ሽጉጡን እንዲያወጡ አዘዘ።

አቶ እሸቴ ሳቡ። አልመጣም። ጎንበስ ብለው ሳቡ። ሱሪያቸው ከፍ አለ እንጂ ሽጉጡ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ሚሊሺያዎች ተጠርተው፣ ማኅደሩ ከቀበቶው ተፈትቶ፣ አንዱ በእጀታው አንዱ በማኅደሩ ይዘው እግራቸውን ተክለው ይጓተቱ ጀመር። ሜዳው መጀመሪያ አንገቱን አሰገገ። ቀጥሎ ከወዲያ ጥግ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያማ ማን ይቻለው! ያልሳቀው ካድሬው ብቻ ነው። «አሻጥር ነው!» አለ። ይህች ቃል በዚያ ዘመን ሰውን ከቤቱ አውጥታ የምታስቀር ነበረች። አስካለን ረሳኋት፤ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ተጠርቼ ቀረብኩ። ማኅደሩን እጄ ላይ ሲያደርጉት ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቀድሞ የገባው ለአፍንጫዬ ነው፤ ቅቤ ሸተተኝ፣ ከቅቤው ሥር ደግሞ ጭስ። በእኛ አገር አዲስ የቆዳ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ፤ ቅቤ ይቀባል፣ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፣ ጭስ ሲጠግብ ይለዝባል፣ ብልም አይደፍረውም። በአቶ እሸቴም ቤት እንደዚያው ተደርጓል። ያውም ሽጉጡ ውስጡ እንዳለ፤ ያውም ለእንቁጣጣሽ እሳቱ ሲነድ በዋለበት ምድጃ ላይ። ቆዳ ቢሆን ኖሮ ባመሰገነ ነበር። ቧንቧ ግን ቧንቧ ነው፤ ለዘበ፣ ሽጉጡ ላይ ተኮማተረ፣ ሲበርድም የቃታውን ቀለበት ጨብጦ ደረቀ።

ቀና ብዬ አቶ እሸቴን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ አንድ ቃል አይናገሩም። ምን ልበል? ቅቤ ተቀብቶ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ነው ብል እኔ እድናለሁ። እሳቸው ግን የአብዮቱን ሽጉጥ እንደ ቋንጣ የሰቀሉት ሊቀመንበር ተብለው ከዚህ እስከ አቀስታ ሲሳቅባቸው ይኖራሉ። በአደባባይ ያዋረድኩት ሰው ደግሞ ልጁን ይሰጠኛል? ዝም ብል እስር ቤት አለ። ይህን ሁሉ አስቤ ሳልጨርስ አፌ ቀደመኝ። ጓድ፣ የፕላስቲኩ ጠባይ ነው፣ ሙቀት ሲነካው ይጨብጣል፣ ይህን ለአቶ እሸቴ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ብቻ የፈላ ውሃ ይምጣልኝ አልኩ።

ከሻይ ቤት በማንቆርቆሪያ መጣ። አፈሰስኩበት፤ ትንሽ ጠበቅሁ። ጠርዙን በሁለት አውራ ጣቶቼ ፈልቀቅ ሳደርገው ሽጉጡ ሹልክ ብሎ ወጣ፣ ሜዳውም በእልልታ ቀለጠ። ካድሬው ሽጉጡን አገላብጦ አየው። በቅቤ ወዝቶ ያብረቀርቃል። ከሰልፉ ሁሉ በንጽሕና የተያዘ መሣሪያ ይሄ ነው ብሎ አቶ እሸቴን በሕዝብ ፊት አመሰገናቸው። እሳቸው በአጠገቤ ሲያልፉ «አብሽር» አሉኝ ቀስ ብለው።

ብዙም ሳይቆይ ካድሬው ቢሮው አስጠራኝ። ስንቅ ልያዝ አልያዝ እያልኩ ሄድኩ። ለካ ለሌሎቹም ሊቀመንበሮች ማኅደር ሊያሠራ ፈልጎ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አቶ እሸቴው ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ቢሆን እንደማይጠላ ነገረኝ። ሰዎቹ ሽጉጥ ታጥቀው ሲያያቸው ደስ ይለው ነበር፤ የማይወደው ሲመዙት ነው። እንዲህ አድርጎ አብዮቱ መሥሪያ ቦታ ሰጠኝ፤ እኔም ባለሙያ ተባልኩ።

ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲሄዱ ልቤ አልችል ብሎ ተከተልኳቸውና ከደጅ ቆምኩ። አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እጁንማ አየነው» አሉ። «አገር ምድሩ ነው ያየው። ወላሂ፣ ልጄን የምሰጠው ለእጁ አይደለም፤ ቅቤውን አሽትቶ ዝም ላለው አፍንጫው ነው።»

ከተጋባን በኋላ አንድ ቀን የዚያን ዕለት ነገር እያነሳሁ ብቻዬን እስቃለሁ። እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው ፕላስቲክ ላይ ቅቤ የሚቀባው ብዬ በአማቴ ቀለድኩ። አስካለ አልሳቀችም። ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ አባባ መቼ ነክቶት ያውቃል አለችኝ፤ ማን እንደቀባው እያወቀ ያን ሁሉ ሳቅ ዝም ብሎ ጠጣው እንጂ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ነኝ የቀባሁት፤ እኔው ነኝ የሰቀልኩት። የእጅህ ሥራ ቶሎ እንዳያረጅ ብዬ።»