መርዶ በቀጥታ ስርጭት

ሰው ሲሞት ወራሽ አይጠፋም። በሕይወት ሳለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያላቀበለው ሁሉ፣ አፈሩ ሳይደርቅ «የእሱ ልጅ ነኝ» እያለ ይሰለፋል። በዚህ በተሰደድንበት የፈረንጅ አገር የቀን ቴሌቪዥን ጭውውትን ከጀመሩት አንዷ፣ ያቺ ማይክራፎን ይዛ ከመድረክ እየወረደች በተመልካች መሀል የምትመላለሰው ሴትዮ ካረፈች ወዲህ ደግሞ፣ ስልክና ክብ መብራት ያለው ሁሉ ወራሿ ሆኗል። እናንተም ሳትሆኑ አልቀራችሁም።

እኔ ሴትዮዋን የማውቃት ከሥራ ቦታ ነው። በቀን ቴሌቪዥን የሚያይ ማን ይመስላችኋል? የታመመና የታመመ የሚጠብቅ። እኔና ጓደኛዬ ዘይነባ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ስንሠራ፣ እያጠብንና እያጎረስን ስንት ዓመት አብረናት ውለናል። የሚያስቀናኝ ጥያቄዋ አልነበረም፤ ጥያቄ ማን ያጣል? ከጠየቀች በኋላ ዝም ማለቷ ነው። አንዲት የቤት እመቤት ቃል ጠፍቷት ስትንተባተብ፣ ማይክራፎኑን ዘርግታ ትጠብቃታለች። ማስታወቂያው እንኳ ይጠብቃል።

እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የዩቲዩብ «ቶክ ሾው» ያላት ሊሊ የምትባል ወጣት፣ ለሴትዮዋ መታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጀችና ዘይነባን ኮል አደረገቻት። «ማዘር፣ የእሷን ሌጋሲ የሚያውቁት እኮ እርስዎ ነዎት!» አለቻት። ዘይነባ ደስ አላት። አዲስ ሻርፕ ገዛች።

እኔ ከማክሰኞ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነበር። ደሴ ያለው ብቸኛ ወንድሟ፣ ሰይድ፣ ሞቷል። እሷ አልሰማችም። ልማዳችንን ታውቁታላችሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ለምትኖር ሴት በድንገት አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። በሥራ ቀን ማለዳ ሰው ስለማይገኝ ለቅዳሜ ቀጠርነው። ሐዘንም እዚህ አገር ኦፍ ቀን ይጠብቃል። በዚህ መሀል እሷ ደጋግማ ትደውልለታለች፤ አያነሳም። «ኔትወርክ ነው፣ ደሴ ሰሞኑን ኔትወርክ የለም» እላታለሁ። እኔ፣ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ ብዬ የምኮራው ሴት።

ሐሙስ ዕለት ስርጭቱ ተጀመረ። አዳራሹ ሙሉ ነው፤ እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ። ሊሊ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ማዘር፣ ከሁሉ በፊት የወንድምዎን ሰምቼ በጣም አዝኛለሁ። አላህ ሰብሩን ይስጥዎት። በዚህ ሁሉ ሐዘን መሀል በመምጣትዎ በጣም ስትሮንግ ነዎት!» አለችና ጭብጨባ ጠየቀች።

አጨበጨቡ!

«የወንድሜን ምን?» አለች ዘይነባ።

ዝም ማለት ያን ጊዜ ነበር። መጠበቅ ያን ጊዜ ነበር። ሊሊ ግን ወረቀቷን አየችና «እሺ... ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችን ስናልፍ...» አለች። እነዚህ ወራሾች የሴትዮዋን ማይክራፎን ወረሱ፤ ጆሮዋን ከእሷ ጋር ቀበሩት።

ዘይነባ ከመድረኩ ላይ እኔን ፈለገችኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ቅዳሜ ልንነግርሽ ነበር» አልኩ።

ሻርፗን ሰብስባ ወጣች። እኔ ሊሊን እስከ መኪና ማቆሚያው እየተከተልኩ ስድብ አወረድኩባት። ባለጌ፣ ያልተገራሽ፣ ጠይቆ መልስ የማይሰማ ቱሪናፋ! ልጅቷ እያለቀሰች፣ «ሶሪ፣ የሚያውቁ መስሎኝ ነው እኮ። ሁሉም ሰው ያውቃል!» ትላለች። ያበገነኝ ይሄ ነው፤ እውነቷን ነው። ከበልትስቪል እስከ ሄርንደን ባለው ከተማ ሁሉ ያልሰማ ሐበሻ አልነበረም። ለሁሉም ተናግረን ከሐዘኑ ባለቤት ብቻ የደበቅነው እኛ ነን። ይህንንም «ለእሷ አዝነን» እንላለን። እስቲ ልብ በሉ፤ ወንድሟ ከሞተ በኋላ እሷን ከሁሉ መጨረሻ ሰሚ ማድረግ ከየትኛው አዘኔታ ይመደባል?

ከዚያ ወዲህ ስልኬን አላነሳችም። ቅዳሜ ማለዳ ግን፣ ቀጠሮውን የሰረዘ ሰው ስላልነበረ፣ ሃያ ሰው ሆነን፣ ነጠላችንን ተከናንበን በሯ ላይ ቆምን። የምታውቀውን ልንነግራት። ሳናንኳኳ ከፈተችልን። የሐዘን ፍራሹን ራሷ መሬት ላይ አንጥፋዋለች። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና አንድ በአንድ አየችን።

«በሉ ንገሩኝ» አለች፤ «እየሰማሁ ነው።»