የጓደኛዬ ባል ለቅሶ ላይ በእጄ እብጠት የተነሳ የጮህኩት

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ አንፎሎው ታደርጉኛላችሁ። ግን ለማን ልተንፍሰው?

ያውም ለቅሶ ቤት!

መጀመሪያ ስለ እጄ ልንገራችሁ። ቀኝ አንጓዬ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ እብጠት አለች። ስትጀምር ሽምብራ ነበር የምታክለው፤ አሁን ብይ ሆናለች።

አዳማ ውስጥ ሹሩባ የምሠራ ሴት ነኝ፤ እጄ ሲጠማዘዝ ነው የሚውለው። ደንበኛ ደግሞ በመስታወት የማያየው ነገር የለም! ስለዚህ ሰፊ ሰዓት ገዝቼ ሸፈንኳት። ሰዓቱ አይሠራም። ግን ማን ሰዓት ጠየቀኝ?

ሐኪም ጋ አልሄድኩም። ጉግል አደረግኩና "ካንሰር" የሚለውን ቃል ገና ሳይ ስልኬን ዘጋሁት። ፈራሁ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ሕክምናዬ ሳንቲም ሆነ! ላይዋ ላይ አድርጌ በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስራታለሁ። ስፈታው ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ እሷ እዚያው አለች።

አሁን ወደ ለቅሶው።

የሞተው የጓደኛዬ የሰናይት ባል ነው። ዱከም ፋብሪካ እየተመላለሰ የሚሠራ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አንገቱ ሥር እብጠት ወጥቶበት በጃኬት ኮሌታ እየሸፈነ "ብርድ ነው" ሲል ከረመ። በመጨረሻ ሲታይ ካንሰር ሆኖ ተገኘና "ዘገያችሁ" ተባሉ።

ይኼን እያወቅኩ ነው እኔ ሰዓት የገዛሁት። አዎ፣ ኮሜንት ላይ ስደቡኝ።

ሰናይት ከቀብሩ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። የምታጠባው ሕፃን አላት፤ ወተቷ ነጥፎ ልጁ ሲያለቅስ ይውላል። ዛሬ ሳልስቱ ላይ ሴቶቹ ከበቧት፤ ለመኗት፣ ተቆጧት። በመጨረሻ እናቷ ጉርሻ ጠቅልለው "ስለ ልጅሽ ብለሽ!" ሲሏት አፏን ከፈት አድርጋ ተቀበለቻቸው።

ድንኳኑ በሙሉ አፏ ላይ አፈጠጠ።

እኔ አጠገቧ ሽሮ እየበላሁ ነው። (ሳዝን ይርበኛል፣ ምን ላድርግ?) ለቅሶ ነውና ሰዓቴን አውልቄ እብጠቷን በነጠላ ጋርጃታለሁ።

በዚህ መሀል የሟች አጎት ከዓለም ጤና ከተማ ደረሱ። አባባ ቶላ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽንኩርት ሲያለሙ የኖሩ፣ መዳፋቸው አካፋ የሚያክል ሽማግሌ። ሊጨብጡኝ እጃቸውን ዘረጉ። የኔ እጅ ደግሞ ሽሮ በሽሮ ሆኗል።

እጃችን ምግብ ሲነካ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ አይደል?

"እጄ ምግብ ነው አባባ" ብዬ አንጓዬን ሰጠኋቸው!

በገዛ ፈቃዴ! ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ!

አባባ ቶላም ሐዘናቸውን በሙሉ አንጓዬ ላይ አሳረፉት። አውራ ጣታቸው ቀጥ ብሎ እብጠቷን አገኛት።

"ወይኔ! ወይኔ ሞትኩ!"

ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ለቅሶ ቤት "ወይኔ" ሲባል ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል? አንዷ ተቀበለችኝ፣ ሌላዋ ደረቷን መታች፣ ውጭ የቆሙት ወንዶች ግር ብለው ገቡ። ጋብ ያለው ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። ሰናይት ጉርሻውን ተፋችና "ጋሻዬ!" እያለች ተደፋች።

አባባ ቶላ ብቻ መዳፋቸውን እያገላበጡ "ያ ዋቃ! ልጅቷን ሰበርኳት እንዴ?" ይላሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለበት!

ነገሩ ሲጣራ ከወዲያ ሳቅ፣ ከወዲህ እርግማን መጣ። ሰናይት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። መጥታ ነጠላዬን ገለጠችና እብጠቷን ትክ ብላ አየቻት።

"መቼ ወጣብሽ?"

"ምንም አይደለም እኮ፣ ሥራ ነው።"

"እሱም ብርድ ነው ይለኝ ነበር።"

ነጠላዬን ስቤ ልሸፍናት ስል እጄን ያዘችኝ።

"ታይተሽ ካልመጣሽ እህል አልቀምስም። ሂጂ!"

ሴቶቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሕፃኑ ያለቅሳል። ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ ወጣሁ፤ አባባ ቶላም "እኔ ነኝ ጥፋተኛው" ብለው አብረውኝ ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ክሊኒክ ያገኘነው ሐኪም ልጅ እግር ነው። ነካ ነካ አደረጋት፣ መብራቱን አጠፋና ትንሽ ባትሪ ጎኗ ላይ አስደግፎ አበራ። ብርሃኑ በውስጧ አልፎ እብጠቷ ቦግ አለች! በአልትራሳውንድም አየልኝ።

"ጋንግሊዮን ይባላል። ከመገጣጠሚያው የወጣ፣ ጄል የመሰለ ፈሳሽ ነው። ካንሰር አይደለም።"

ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ካላስቸገረችኝ ብተዋትም እንደሚቻል፣ ብዙ ጊዜ ራሷ እንደምትጠፋ ነገረኝ። ካመመችኝ በመርፌ ትቀዳለች፣ ግን ልትመለስ ትችላለች። በቀዶ ሕክምናም ትወጣለች፤ ያኔም ቢሆን አንዳንዴ ትመለሳለች። እስከዚያ እጄን ላሳርፍ።

"የማስርባት ሳንቲምስ ዶክተር?"

"ቦርሳሽ ውስጥ መልሺው። አይታሰርም፣ አይመታም፣ አይጨመቅም።"

አባባ ቶላ አንገታቸውን ደፉ።

ስወጣ በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ ወዴት እንደምመለስ ትዝ አለኝና በደስታዬ አፈርኩ።

ሰናይት ሕፃኑን ታቅፋ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ውሃ ነው አሉኝ" አልኳት።

"ውሃ ብቻ?"

"ውሃ ብቻ።"

ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። ቆርሳ ጎረሰች። ዋጠችና ደገመች። እናቷ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"የእሱም እኮ በጊዜ ብናየው ውሃ ይሆን ነበር" አለች እያላመጠች።

አይሆንም ነበር። የእሱ ውሃ እንዳልነበረ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ማንም አላረማትም። እኔም አንገቴን ነቅንቄ "አዎ" አልኳት።

እኔን ለማሳከም አንዲት የምታጠባ እናት መራብ ነበረባት። እናንተስ? ማን እስኪራብላችሁ ነው የምትጠብቁት?