ክቡር አልቀምስም እና ያልጠጡበት ጉበታቸው

በዓለም ላይ ላለ ቤተሰብ ሁሉ፣ ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ አንድ የማይጠጣ ሰው ይመደብለታል። ሰውየው አለመጠጣቱ ማንንም ባልጎዳ። ችግሩ አለመጠጣቱን ሳይነግራችሁ ማደር አለመቻሉ ነው። ሰካራም እንኳ ቢያንስ ሲነጋ ዝም ይላል።

ለእኛ የተመደቡልን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሥራቸው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። የወጣላቸውን ስም ከልጅ እስከ አዋቂ ረስተነዋል። ጠርሙስ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «እኔ እንደሆንኩ አልቀምስም!» ስለሚሉ፣ ክቡር አልቀምስም ብለናቸዋል። ልብ በሉ፣ ይቅመሱ ያላቸው ሰው የለም። አንዴማ ጠርሙሱ የዘይት ነበር።

በማስተማሪያ መኪና ላይ አስተማሪው የሚረግጠው የራሱ ፍሬን አለው። ተማሪው ቦይ ውስጥ ሊገባ ሲል አስተማሪው ይረግጣል፣ መኪናው ይቆማል። ክቡርነታቸው ይህን ፍሬን ሃያ ዓመት ረግጠው ረግጠው፣ እግራቸው ከመኪና ከወረደ በኋላም ሥራ አይፈታም። እኔ ሁለተኛ ብርጭቆ ላነሳ ስል ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ጧ! ያደርገዋል። ሳህን ይንጫጫል፣ እጄ አየር ላይ ይቀራል። ባለቤቴም ይህችን ስትጠብቅ እንደነበረ ሁሉ፣ «አየህ ወንድሜን? ከሱ ተማር!» ትለኛለች። ይኸው ሃያ ዓመት ከሳቸው ስማር ኖሬ እስካሁን አልተመረቅሁም።

እስቲ የማይቀምሱትን ትተን የሚቀምሱትን እንይ። ለስላሳን የሚጠጡት በትልቁ ጠርሙስ ነው፣ ብርጭቆ ለእንግዳ ነው ይላሉ። ሻያቸው ውስጥ ማንኪያ ብታቆሙ ሳይደገፍ ይቆማል። ኬክ ሲመጣ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው «ያው እንግዲህ ሌላ ሱስ የለብኝም» ይሉና የኔንም ድርሻ ይስቡታል። ሥራ ሲውሉ ተቀምጠው፣ ቤት ሲያርፉም ተቀምጠው ነው። ከደጃቸው ዳቦ ቤቱ ይታያል። እሳቸው ግን መኪና አስነስተው፣ ቀበቶ አስረው፣ ፍሬቻ አሳይተው ነው የሚሄዱት። የሱሪያቸው ቀበቶ በየዓመቱ አልደርስ ሲላቸው ደግሞ፣ «የዘንድሮ ቆዳ ጥራት የለውም፣ ይሰበሰባል» ብለው ይፈርዱበታል።

ታዲያ የአስተማሪነት ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ የጤና ምርመራ ታዘዘላቸው። ደረታቸውን ነፍተው ሄዱ፤ ደረትና ሆድ የት ላይ እንደሚለያዩ ለማወቅ ቢያስቸግርም። የደም ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የደም ቅባታቸውም እንዲሁ። የጉበት የደም ምርመራው አላማረም ተባለና አልትራሳውንድ ተነሡ። ጉበታቸው ስብ ለብሷል። ያኔ ሐኪሟ የትኛውም ሐኪም የማይዘለውን ጥያቄ ጠየቀች።

«አባቴ፣ መጠጥ ይወስዳሉ?»

ይህን! ለክቡር አልቀምስም!

በዚያው ምሽት ደጄ ላይ ጥሩንባ ነፉ። ወጣሁ። መሪው ፊት አስቀምጠውኝ እሳቸው በአስተማሪው ወንበር ተሰየሙና መስኮቱን ዘጉ።

«ለእህቴ እንዳትነግራት። ጉበቴ ላይ ስብ አለ አሉኝ።»

«ውይ ጋሼ! ሐኪሟ ምን አለች?»

«ትጠጣለህ ወይ አለችኛ! የልጄ እኩያ! አልቀምስም አልኳት። ጻፈችው። ግን አጻጻፏ አላማረኝም።»

«አጻጻፏ ምን ሆነ?»

«ሳታምን ነው የጻፈችው። ነገ ቀጠሮ አለኝ። አብረኸኝ ትሄድና ትመሰክርልኛለህ።»

«ባለቤትዎን አይወስዱም?»

«ሚስት ለባሏ ምን ትላለች ብለህ ነው? አንተ ግን ጠጪ ነህ። ጠጪን የሚያውቀው ጠጪ ነው።»

ሃያ ዓመት የተሰደብኩበት ነገር ለካ ሙያ ነው! ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ድምፃቸው ወረደ።

«አትሳቅ። ነገ ‹ጉበት ገደለው› ሲባል ሰው ምን የሚል ይመስልሃል? ‹ተደብቆ ይጠጣ ነበር› ነው የሚለው። ቀብሬ ላይ ቆሞ ነው የሚለው። ሳልጠጣ የጠጪ ሞት ልሙት?»

ሞተሩ ጠፍቷል፣ መኪናው ቆሟል። እግራቸው ግን ፍሬኑን ይረግጥ ነበር።

በማግሥቱ ሐኪሟ ፊት እንደ ችሎት ቆምኩ። «ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ቀምሰው አያውቁም። እኔ ስቀምስም ሰላም ሰጥተውኝ አያውቁም።»

«እርስዎስ? ይጠጣሉ?» አለችኝ።

«እኔ ምስክር ነኝ እንጂ ተከሳሽ አይደለሁም፣ ዶክተር።»

ሳቀች። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ «አባቴ፣ ትናንትም አምኜዎታለሁ። ይሄኛው የጉበት ስብ መጠጥ አይጠይቅም። ቦርጭና የደም ስኳር፣ የደም ቅባትና ግፊት ሲተባበሩ፣ ሰውነት የተረፈውን ጉበት ላይ ያከማቻል። ስለማያም ባለቤቱ አያውቅም» አለቻቸው።

«እንግዲያው ንጹሕ ነኝ!»

«ከመጠጥ፣ አዎ። ከለስላሳ ግን የሚያነጻዎ ፍርድ ቤት የለም።»

የጉበትን መደንደን በሚለካ መሣሪያ ጎናቸውን ነካ ነካ አደረገች። ከፊቷ ላይ ሳቁ ጠፋ። ስቡ ጠባሳ ማውጣት ጀምሯል። ገና መጀመሪያው ስለሆነ ሊመለስ ይችላል። ችላ ከተባለ ግን ጉበቱ እየደነደነ ይሄዳል፣ ያኔ መመለሱ ከባድ ነው አለች። ክፍሉ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ለስኳርዎ የሚዋጥ አዝዤልዎታለሁ። ትልቁ መድኃኒት ግን ክብደት መቀነስ ነው፤ ከአሥር እጅ አንዱን ያህል፣ ሳይቸኩሉ። በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። መጠጥ በጭራሽ።»

ክቡርነታቸው ወደ እኔ ዞረው የድል ፈገግታ አሳዩኝ።

«ለስላሳም በጭራሽ።»

ፈገግታው ሳይከደን እንዳደረ ለስላሳ ጋዙ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የታየውን ብልሃት ምነው ባያችሁት! ለስላሳን በጭማቂ ተኩ፤ «ፍራፍሬ ነው!» ስኳርን በማር ተኩ፤ «ንብ ትዋሻለች?» አንድ ተማሪያቸው ጉበት የሚያጥብ ሥር አመጣላቸውና ይዘውት ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ። «ጉበት ሸሚዝ አይደለም አባቴ፣ አይታጠብም። ይሄን ዓይነቱን ጠጥተው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች አልጋ ላይ አሉልኝ» ብላ ወሰደችባቸው። የእግር ጉዞውንም አልተዉም። መናፈሻ ድረስ በመኪና ሄደው፣ የሚራመዱ ሰዎችን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አይተው፣ በመኪና ይመለሳሉ። ሚዛኑ አልነቃነቅ ሲል አዲስ ሚዛን ገዙ። እሱም ያው የቀበቶው ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

ባለቤታቸው የስፌት አስተማሪ ናቸው፣ የባላቸውን ወገብ በየወሩ በሜትር ይለካሉ። «ጉድ ነው! የማይጠጣ ባል አለኝ እያልኩ ስንት ሴት ላይ ኮርቻለሁ! አሁን ደግሞ ጠባሳ ያለው ጉበት ታቅፌ ልቀመጥ? ቤት ውስጥ ስኳር አይገባም አልኩ አይገባም!» አሉ። እውነትም ቤት ውስጥ አልገባም።

መኪና ውስጥ ነበር የገባው። አንድ ቀን ወደ ሥራ ሲያደርሱኝ ድመት መንገድ አቋረጠችና ፍሬን ያዙ። ከወንበራቸው ሥር አንድ ትልቅ የለስላሳ ጠርሙስ እየተንከባለለ መጥቶ ጫማቸው ላይ ቆመ። ግማሹ ተጠጥቷል። ሁለታችንም ጠርሙሱን አየነው። እኔ ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ቀን ይኼ ነበር። ቀስ ብዬ፣ «እኔ እንደሆንኩ አልቀምስም» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ተደብቆ ይጠጣ ነበር የሚሉት እኮ ይኼኔ ነው።»

ከኋላ ያሉት መኪናዎች ጥሩንባቸውን ሲያንባርቁ ብቻ ነው የተንቀሳቀስነው።

በማግሥቱ ገና ሰው ሳይነሣ በሬ ተንኳኳ። የስፖርት ጫማ አድርገዋል። መኪና የለም።

«ውጣ» አሉኝ። «ምስክር ያስፈልገኛል።»

እንዲህ ሆነና የእንቅልፍ ዘመኔ አከተመ። ከሳቸው ጋር መራመድ ሌላ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ነው። ሲታጠፉ እጃቸውን ዘርግተው ፍሬቻ ያሳያሉ። የእግረኛ መንገድ ላይ «መሥመርህን ጠብቅ!» ይሉኛል። አንዲት ጋሪ የምትገፋ እናት በቀኝ በኩል ስትቀድማቸው ዞረው የጋሪዋን የሰሌዳ ቁጥር ፈለጉ። ወራት አለፉ። የሱሪያቸው ቀበቶ ጥራት በተአምር ተሻሻለ። ሐኪሟም እንደገና ለካቻቸው። የጉበታቸው መደንደን ቀንሷል፣ ስኳራቸው ወርዷል፣ ጠባሳው ወደፊት አልሄደም። «እንዳያቆሙ፣ ካቆሙ ይመለሳል» አለቻቸው። እኛ ግን ዋጋውን እየከፈልን ነው። ዛሬ ማንም ቤት ጠርሙስ ሲከፈት፣ «እኔ እንደሆንኩ ለስላሳም አልቀምስም!» ይላሉ። ልጆቹ ከረሜላቸውን ጠረጴዛ ሥር ተደብቀው ይበላሉ።

ያ ጥሩ ውጤት በተነገራቸው ማግሥት ጠዋት ስንራመድ ኬክ ቤቱ ጋ ደረስን። ገና መከፈቱ ነው፣ ሽታው መንገዱን ይዞታል። ክቡርነታቸው ፍጥነት ቀነሱ። ወደኔ ሳያዩ፣ «ዛሬ እንኳ የደስታ ቀን ነው፣ አንዲት ቁራሽ ምን ታደርጋለች» አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ፍሬቻ ነው።

ቀኝ እግሬን አንሥቼ አስፋልቱን ጧ! አደረግሁት።

ባሉበት ቀጥ አሉ። አንድ እግራቸው የኬክ ቤቱ ደረጃ ላይ ነበር።

«ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ።»

እግሬን አዩ፣ ኬክ ቤቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ የዘረጉትን እጅ አጥፈው፣ ፍሬቻውን አጠፉና ቀጥታ መንገዱን ያዙ። ጥቂት እንደሄድን ዞር ሳይሉ፣ «ፈተናውን አልፈሃል» አሉኝ።